ስቱዲዮ ውስጥ የመጀመሪያ ፖርትሬታችሁን ስታነሱ በአንድ መብራት ጀምሩ

ውጪ በፀሐይ ብርሃን ወይ ሰርግ ላይ ካሜራ አናት ላይ በሚሰካ ትንሽ ፍላሽ ስትሰሩ ከርማችሁ አሁን "እስቲ ስቱዲዮ ተከራይቼ በትልቅ መብራት ፖርትሬት ልሞክር" ለምትሉ ሰዎች ነው ይሄን የምጽፈው። እኔም በቅርቡ ነው የሞከርኩት። ከመግባቴ በፊት ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት ቪዲዮ የለም ማለት ይቻላል፣ ግን አብዛኛው ነጭ ሰው ጥቁር ቲሸርት ለብሶ የሚነሳበት ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ካሜራ ፊት የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፣ ጠይም ወይ ጥቁር ሆኖ ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሰ። ይሄ ሲገለበጥ የመብራቱ አቀማመጥም አብሮ ይገለበጣል። ዋናው ልነግራችሁ የፈለኩት እሱን ነው፣ ግን በቅደም ተከተል ልሂድ።

ያነሳኋቸው የጓደኛዬን ማዘር ነው። ሌሎቹ ልጆቻቸው አሜሪካ ናቸው፣ "የምትልኪልን ፎቶ ሁሉ ኩሽና ውስጥ በስልክ የተነሳ ነው፣ አንድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል በወግ ተነሺልን" ብለው ነዝንዘዋቸው ነው። እሳቸውም ሹሩባ ተሰርተው፣ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን ደርበው መጡ። ካሜራዬ የድሮ ካነን 600ዲ ነው፣ ሌንሱ ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8። የዚህ ካሜራ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 50ው ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ) ላይ 80 አካባቢ እንደማለት ነው፣ ለፖርትሬት ልክ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ኪት ሌንስ ብቻ ካላችሁም 18-55ቱን 55 ላይ አርጋችሁ ስሩ፣ ምንም አይላችሁም፣ በ18 ቀርባችሁ ግን እንዳታነሱ አፍንጫ ያገዝፋል። ስቱዲዮው መገናኛ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ በሰዓት የሚከራይ ጠባብ ክፍል ነው፣ ሁለት ባለ 400 ዋት ሰከንድ ስትሮብ (ትልቁ የስቱዲዮ ፍላሽ)፣ ሁለት ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን ለማለስለስ ስትሮቡ ላይ የሚገጠም የጨርቅ ሳጥን)፣ ግራጫ የወረቀት ባክግራውንድ እና አንድ መደገፊያ የሌለው ወንበር አለው። ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ በላይ አያስፈልግም፣ እንደውም ይበዛል።

ስንገባ ሁለቱ መብራቶች ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት በእኩል ከፍታ ተተክለው ነው የጠበቁን። አብዛኛው ኪራይ ስቱዲዮ እንደዚህ ነው የሚያቆየው፣ ምክንያቱም ለጉርድ ፎቶ ይሄ ነው የሚሰራው፣ የፓስፖርት ፎቶ ላይ ጥላ አይፈለግማ። ችግሩ ከሁለቱም ጎን እኩል ብርሃን ሲመጣ ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጉንጭ የለ፣ አገጭ የለ፣ ሁሉም ሰው መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ የቀኙን አጥፋልኝ አልኩት ስቱዲዮውን የሚጠብቀውን ልጅ።

"አንዱን ብቻ? ግማሽ ፊታቸው ይጠቁርብሃል ወንድሜ" አለኝ።

"ይጠቁር፣ እናየዋለን" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ልጁ ያለው ስህተት አይደለም፣ ይጠቁራል። ግን ምን ያህል እንደሚጠቁር የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ሁለት መብራት አንድ ላይ ካበራችሁ ደግሞ የትኛው ምን እየሰራ እንደሆነ አታውቁም። አንዱ አፍንጫ ስር ጥላ ይጥላል፣ ሌላኛው ያንን ጥላ እናጠፋለን ሲባል ሌላ ጥላ ይጥላል፣ በቃ ፊቱ ላይ ሁለት አፍንጫ ይወጣል።

መብራቱን ከመንካታችሁ በፊት ግን አንድ ጥቁር ፎቶ አንሱ። ቀልዴን አይደለም። ካሜራው ማንዋል ላይ፣ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሸተር (ሴንሰሩ ለብርሃን ክፍት የሚሆንበት ጊዜ) 1/160፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ፍላሹ ጠፍቶ ክሊክ። ስክሪኑ ላይ ምንም ካልታየ ጥሩ ነው፣ ማለት የክፍሉ ኮርኒስ ላይ ያለው አምፖልና በመስኮት የሚገባው ብርሃን ፎቶው ውስጥ የሉበትም ማለት ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚታየው ነገር ሁሉ እናንተ በፍላሹ ያመጣችሁት ብቻ ይሆናል። ጥቁር ካልሆነ መጋረጃ ዝጉ፣ የኮርኒሱን አምፖል አጥፉ። ይሄ ደግሞ ለቀለምም ይጠቅማል፣ የፍላሽ ብርሃን በቀለም መለኪያው 5500 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ የኮርኒስ ኤልኢዲ ግን እንደፈለገው ነው፣ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አንዱ ጉንጭ ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ይሆንና ኮምፒውተር ላይ ስትለቅሙ ታድራላችሁ። ዋይት ባላንሱን የፍላሽ ምልክቷ ላይ አርጉና እርሱት፣ አውቶ ላይ አትተዉት።

ሸተሩን ለምን 1/160 አረከው ካላችሁኝ፣ 600ዲ ከፍላሽ ጋር የሚሄደው እስከ 1/200 ነው፣ ከዛ ካለፈ ፎቶው ላይ ከአንድ ጎን ጥቁር መስመር ይመጣል፣ የሸተሩ መጋረጃ ሙሉ ሳይከፈት ፍላሹ ስለሚፈነዳ ነው። ርካሽ ትሪገር (ካሜራው አናት ላይ ተሰክታ ስትሮቡን የምታስፈነዳዋ) ደግሞ ትንሽ ትዘገያለች፣ ስለዚህ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መስራት ከጭንቀት ያድናል። ከፀሐይ ብርሃን ለመጣ ሰው ለመልመድ ከባድ የሆነው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሸተር የፎቶውን ብርሃን አይቀንስም አይጨምርም። ፍላሹ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ሸተሩ ክፍት ባለባት ቅጽበት ውስጥ ነው፣ 1/100 አርጉት 1/160 አርጉት እሱ አይመለከተውም። ብርሃን የሚቀይሩት አፐርቸር፣ አይኤስኦ፣ የፍላሹ ፓወርና የፍላሹ ርቀት ናቸው። እኔ አይኤስኦና አፐርቸርን ቆልፌ በፓወርና በርቀት ብቻ ነው የሰራሁት፣ ለጀማሪ የሚነካካ ነገር ሲያንስ ይሻላል።

ሶኒም ሆነ ሌላ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) የያዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በእነዚህ ሴቲንጎች ስክሪናችሁ ድቅድቅ ጨለማ ይሆንና ካሜራው የተበላሸ ይመስላችኋል። አልተበላሸም፣ ፍላሹን አስቀድሞ ማየት ስለማይችል ነው። ሶኒ ላይ ሴቲንግ ኢፌክት የሚለውን ኦፍ አርጉት፣ ካነን ላይ ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን የሚለውን ዝጉት። ሳይለንት ሸተር በርቶ ከሆነ ደግሞ ብዙ ካሜራ ላይ ፍላሹ ጭራሽ አይፈነዳም፣ ትሪገሩን ከመራገማችሁ በፊት እሱን እዩ፣ ከዛ የትሪገሩን ባትሪ፣ ከዛ ቻናሉን።

አሁን መብራቱን እናስቀምጥ። ስትሮቡ ውስጥ ሞዴሊንግ ላይት የምትባል ሁሌ የምትበራ አምፖል አለች፣ እሷን አብሩና ካሜራውን አስቀምጡ፣ በአይናችሁ እዩ። ማዘርን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ጓደኛዬ ስታንዱን ይዞ በዙሪያቸው ዞረ፣ እኔ ካሜራው የሚሆንበት ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ ፊታቸውን ብቻ ሳይ ነበር። መብራቱ ከፊት ለፊት ሲሆን ጠፍጣፋ ነው፣ ወደ ጎን እየሄደ ሲመጣ የአፍንጫ ጥላ በጉንጭ ላይ ይረዝማል፣ የሆነ ቦታ ላይ ከጉንጭ ጥላ ጋር ይገናኝና ከአይን ስር ትንሽ ሶስት ማዕዘን ብርሃን ብቻ ይቀራል። ያቺ ሶስት ማዕዘን ናት ሬምብራንት የሚሏት፣ በ1600ዎቹ የኖረው የሆላንዱ ሰዓሊ ፊት የሚስለው እንደዛ ስለነበረ ነው። ለሳቸው ግን እዛ ድረስ አልሄድኩም፣ በእድሜ የገፋ ሰው ላይ መብራት በጣም ወደ ጎን ከሄደ እያንዳንዷን መስመር ያወጣታል፣ የአፍንጫው ጥላ ከጉንጩ ጥላ ጋር ሳይነካካ ትንሽ ቀደም ብሎ አቆምነው። ከፍታው ደግሞ የሶፍትቦክሱ መሀል ከአይናቸው ትንሽ ከፍ ብሎ። በጣም ከፍ ካለ አይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ የምታውቁት አይን ብሌን ላይ የምትታየዋን ነጭ ነጥብ በማየት ነው፣ ካችላይት የሚሏትን። በሁለቱም አይን ከላይ ጥግ ላይ ካለች ልክ ናችሁ፣ ከሌለች ሰውየው በህይወት ያለ አይመስልም።

ርቀት ላይ እንምጣ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚፈራው። ሶፍትቦክስ ወደ ሰው ሲቀርብ ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ ሲርቅ ይደርቃል። ፀሐይ ስንት እጥፍ ግዙፍ ሆና ጥላዋ ስለታም የሆነው ሩቅ ስለሆነች ነው። እኔ የ90 ሴንቲ ሶፍትቦክሱን ከፊታቸው 70 ሴንቲ አካባቢ አስጠጋሁት፣ ፍሬሙ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም፣ ማዘር "ይሄ ነገር አይወድቅብኝም ልጄ?" እስኪሉ ድረስ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፣ ስታንዱ ጫፉ ላይ ከባድ ነገር ተሸክሞ ነው ያለው። አንዱን የስታንዱን እግር ወደ መብራቱ አቅጣጫ አርጉትና ስታንዱ ስር ክብደት አስሩ። ሳንድባግ ስላልነበረ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተን በፌስታል አንጠለጠልን። ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ስለሆነ ክዳኑ በደንብ ይጠበቅ፣ የወለሉን ገመድ ደግሞ በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉት፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰ ሰው ገመድ ላይ ሲራመድ ማየት አትፈልጉም።

ሲቀርብ ብርሃኑ ይበረታል፣ ስለዚህ ፓወር ዝቅ ይላል። ባለ 400ው ስትሮብ በዚህ ርቀት ትንሹ ፓወሩ ራሱ ለኤፍ 8 ይበቃል፣ ባክግራውንድ ላጥፋ ብላችሁ ኤፍ 1.8 ልትከፍቱ ካሰባችሁ ፎቶው ነጭ ወረቀት ይሆናል። አያስፈልግምም፣ ባክግራውንዱ ያው ባዶ ወረቀት ነው፣ ምኑን ታደበዝዙታላችሁ።

አሁን ወደ ነጩ ልብስ። የመጀመሪያውን ክሊክ ሳረግ ፊታቸው ቆንጆ ነው፣ ሞቅ ያለ ጠይም፣ ግን ስክሪኑ ላይ ትከሻቸውና ደረታቸው በሙሉ ጥቁር ነጭ ጥቁር ነጭ እያለ ይርገበገባል። ያ ማለት እዛ ቦታ ላይ ምንም ዝርዝር የለም፣ የሸማው ክር ጠፍቷል፣ ቀሚሱ የተቆረጠ ወረቀት መስሏል። ይሄን የሚርገበገብ ማስጠንቀቂያ ካላበራችሁት ፎቶ ስታዩ ኢንፎ የምትለዋን እየተጫናችሁ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየው ግራፍ) ያለበት ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ነጭ ልብስ ያለበት ቀን ያለሱ አትስሩ። እና አንድ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፓወር መቀነስ ነው አይደል? ስትቀንሱ ልብሱ ይመለሳል፣ ፊት ደግሞ ይጨልማል፣ ያኔ ኮምፒውተር ላይ ፊቱን ብቻ ታነሱታላችሁ፣ የተነሳ ጨለማ ደግሞ ግራጫ አመድ የመሰለ ቆዳ ነው የሚሰጣችሁ። ብዙ የሰርግ ፎቶ ላይ የምናየው የነጣ ፊት ከዚህ ነው የሚመጣው ብዬ ነው የማምነው።

ጓደኛዬ ሀሳብ አመጣ፣ ነጠላውን ገልብጠን ጥለቱን ወደ አንገታቸው ብናወጣውስ፣ ቀለም ፊታቸው አጠገብ ይመጣል ነጩም ይቀንሳል ብሎ ሊያስተካክል እጁን ሲሰድ ማዘር እጁን መታ አረጉት። "ምን ነካህ አንተ ልጅ፣ ማን ሞቶብኝ ነው የምታዘቀዝቅብኝ? አሜሪካ ያሉት ሲያዩት ይደነግጡልኛል!" እኔ ሳቄ መጣ፣ እሱ አንገቱን ደፋ። እና ይሄም ለሀበሻ ልብስ ፎቶ ትምህርት ነው፣ ነጠላ አደራረብ ትርጉም አለው፣ የለቅሶው ሌላ የቤተክርስቲያኑ ሌላ ነው፣ ለብርሃን ብላችሁ እንዳትነካኩት፣ የለበሰውን ሰው ጠይቁ።

መፍትሄው መብራቱ ላይ ነው ያለው፣ ሁለት ነገር ነው ያረግነው። አንደኛ ሶፍትቦክሱን ከደረታቸው ላይ አነሳነው፣ ማለት ከፍ አርገን በቀጥታ ወደሳቸው ከማየት ይልቅ ትንሽ ቀና እንዲልና ከፊታቸው ፊት ለፊት አልፎ እንዲያይ አረግነው፣ ስለዚህ መሀሉ ላይ ያለው ብርቱው ብርሃን ፊታቸው ፊት ለፊት ያልፋል፣ ፊታቸው ከጠርዙ ለስላሳውን ያገኛል፣ ደረታቸው ደግሞ ከዛም ያነሰውን። ፈረንጆቹ ፌዘሪንግ ይሉታል። ሁለተኛ ርቀቱን ተጠቀምንበት። የብርሃን ህግ አለ፣ ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነው የሚሆነው። መብራቱ ከፊት 60 ሴንቲ ርቆ ከጉልበት ላይ ካለው እጅ 1 ሜትር ከ20 ቢርቅ እጁ ላይ የሚደርሰው በግምት ሩቡ ነው። መብራቱን ወደ ኋላ ብታርቁት ግን ፊትም ቀሚስም እኩል ይበራሉ፣ ነጩ ያሸንፋል። ስለዚህ "በጣም በራ፣ አርቀው" የሚለው የለመድነው ነገር ነጭ ልብስ ላይ ስራ ያበላሻል፣ ማቅረብና ፓወር መቀነስ ነው እንጂ። ይሄ ነው እንግዲህ ቅድም ይገለበጣል ያልኩት፣ ጥቁር ቲሸርት ለለበሰው ፈረንጅ መብራቱ ደረት ላይ ቢያርፍ ምንም አያመጣም።

ከዛ በኋላም ትከሻቸው ላይ ትንሽ ይርገበገብ ነበር፣ የሶፍትቦክሱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ጥቁር ጨርቅ በልብስ መቆንጠጫ አንጠለጠልንና ቀረ። አሁን ስክሪኑ ላይ ዙም አርጌ ሳይ የሸማው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ክር ሳይቀር።

ቆዳ ላይ ደግሞ ልቆይ ትንሽ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲነሳ ብዙ ሰው "ተጨማሪ ብርሃን ያስፈልገዋል" ብሎ ያስባል። ካሜራው ራሱ ማንዋል ካልሆነ ችግር ያመጣል፣ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ (18 በመቶ የሚሉትን) ለማረግ ነው የተሰራው፣ ነጭ ቀሚስ ካየ ያጨልማል፣ ጥቁር ፊት ብቻ ካየ ያነጣል። የፊልም ዘመን የባሰ ነበር፣ ኮዳክ ፎቶ ላቦራቶሪዎች ቀለም እንዲያስተካክሉበት የሚልከው ሸርሊ የሚባለው ካርድ ላይ ለብዙ ዘመን የነበሩት ነጭ ሴቶች ብቻ ናቸው፣ የወላጆቻችን የድሮ ከለር ፎቶ ላይ ፊት ለምን ጥቁር ነጥብ ሆኖ እንደሚወጣ ሳስብ ይሄ ትዝ ይለኛል። ወደ ስቱዲዮው ስንመለስ ግን ጠይም ፊት ቅርጹን የሚያገኘው ከጥላ ብቻ አይደለም፣ ከሚያብለጨልጨው ቦታም ነው፣ ግንባር፣ የጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ጀርባ። ትንሽ መብራት ከሩቅ ከመጣ ያ ብልጭታ ትንሽና ጠንካራ ነጥብ ይሆናል፣ ላብ ይመስላል። ትልቅ ሶፍትቦክስ ከቅርብ ሲሆን ደግሞ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ቆዳውን ጤነኛ የሚያስመስል ይሆናል። ስለዚህ ፓወር ከመጨመራችሁ በፊት መብራቱን ትልቅ አርጉትና አቅርቡት።

ማዘር ደግሞ ለፎቶ ብለው ቫዝሊን ቀብተው ነው የመጡት፣ ፀጉራቸውም ቅባት አለው። ሙሉ በሙሉ አታጥፉት፣ ሶፍት ታጥፎ ግንባርና አፍንጫ ላይ ቀስ ብሎ መጫን ብቻ፣ መጥረግ አይደለም። ጉንጭ ላይ ያለውን ተዉት። ፓውደር ግን የራሳቸው ካልሆነ ተጠንቀቁ፣ ከቆዳው የነጣ ፓውደር በፍላሽ ስር አመድ ነው የሚመስለው።

የጨለመው ጎን ያ ልጁ ያስጠነቀቀኝ፣ እሱን ያነሳሁት በጋቢ ነው። ሪፍሌክተር (ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ) ነበራቸው ግን ጨርቁ ተቀዶ ስለነበር ጓደኛዬ ማዘርን ብርድ እንዳይመታቸው ይዞት የመጣውን ጋቢ ሁለት ስታንድ ላይ ሰቀልነው፣ ከመብራቱ በተቃራኒ ጎን፣ ወደ ጉንጫቸው ጠጋ አርገን። ጋቢ ወፍራም ነጭ ጥጥ ነው፣ ብርሃን ሳያብረቀርቅ ነው የሚመልሰው፣ ከብርማው ሪፍሌክተር እመርጠዋለሁ ለአዛውንት ፊት። ሲቀርብ ጥላው ይገለጣል፣ ሲርቅ ይጠቁራል፣ በክንድ ርዝመት ነው የምታስተካክሉት፣ ካሜራ ምንም አይነካም። ቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎምም ያው ነው። አንድ ነገር ግን፣ የግድግዳውን ቀለም እዩ። የዛ ክፍል አንድ ግድግዳ ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ጋቢው ከመሰቀሉ በፊት ባነሳናቸው ላይ የጥላው ጉንጭ አረንጓዴ ጥላ ነበረበት፣ ስክሪኑ ላይ አይታወቅም፣ ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። ጋቢው ግድግዳውን ስለሸፈነው ከዛ በኋላ ያሉት ላይ የለም።

ሁለተኛው መብራት የገባው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያት ሲመጣ። መብራቱ ለፊታቸው በጣም ቅርብ ስለሆነ ከባክግራውንዱ ጋር ሲተያይ ሩቅ ነው። ፊት 70 ሴንቲ፣ ባክግራውንድ 2 ሜትር ከ10 ካላችሁት ሶስት እጥፍ ነው፣ እዛ የሚደርሰው ብርሃን አንድ ዘጠነኛ፣ ግራጫው ወረቀት ወደ ጥቁር ሄደ፣ ሹሩባቸው ጨለማው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሁለት ሰዓት የፈጀ ሹሩባ ነው፣ መታየት አለበት። ቀላሉ መንገድ ወንበሩን ወደ ወረቀቱ መጠጋት ነው፣ ግን የራስ ጥላ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እኛ ሁለተኛውን ስትሮብ ከጀርባቸው ዝቅ አርገን ወንበሩ በሚደብቀው ቦታ ወረቀቱ ላይ አነጣጠርነው፣ በትንሹ ፓወር፣ ጨርቅም ደርበንበት። ከራሳቸው ጀርባ ክብ ፈካ ያለ ግራጫ ተፈጠረ፣ የሹሩባው መስመር ጎልቶ ወጣ። ትንሽ ነው የሚፈለገው፣ ከበዛ መልአክ ያስመስላል።

መነጽር ያለው ሰው ከሆነ ባጭሩ፣ መብራቱን ከፍ አርጉ፣ የመነጽሩን ጆሮ ላይ የሚያርፈውን እጀታ ከኋላ ትንሽ ከፍ አርጉት መስታወቱ ወደ ታች እንዲያይ፣ ነጸብራቁ ይሄዳል።

ፎከስ ሁሌ ለካሜራው የቀረበው አይን ላይ። ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ ሌንሱ ወዲህ ወዲያ ካለባችሁ ሞዴሊንግ ላይቱን አታጥፉ። እና ስትሮቡ ጢጥ እስኪል ጠብቁ፣ ሳይሞላ ብትተኩሱ አንዱ ፎቶ ይጨልምና ሴቲንግ የተቀየረ ይመስላችኋል።

ሰውየውን ማናገር ከመብራቱ አይተናነስም። ማዘር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ካሜራውን አፈጠጡት። የድሮ ፎቶ ቤት አቀማመጥ ነው፣ በሳቸው ዘመን ፎቶ ቤት መሄድ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነበር፣ አይሳቅም አይወዛወዝም። ወጣት ፎቶ አንሺዎች ይሄን ወዲያው ለማፍረስ እንጣደፋለን፣ እኔ ግን በመጀመሪያ እሱን በደንብ አንሱላቸው ነው የምለው፣ እሳቸው በልባቸው ይዘውት የመጡት ፎቶ እሱ ነው፣ እሱ ከተነሳ በኋላ ነው ሰውነታቸው የሚላቀቀው። ከዛ ትከሻቸውን ከመብራቱ ትንሽ ዞር አርገው ፊታቸውን ብቻ ወደ መብራቱ እንዲመልሱ ነገርኳቸው፣ "እማማ አገጭዎን ትንሽ ወደ እኔ፣ ከዛ ዝቅ" እያልኩ። ይሄ አንገት ያስረዝማል። እጄን ሰድጄ ፊታቸውን አላዞርኩም፣ እኔ ራሴ አርጌ አሳየኋቸው፣ እንደ መስታወት ይከተላሉ። ወሬ ደግሞ ጓደኛዬ ነው ያመጣው፣ አሜሪካ ያለው ትልቁ ልጃቸው ልጅ እያለ ያረጋትን የሆነች ተንኮል አነሳ፣ ሊቆጡ ጀምረው ሳቁ። ቁጣው ሳይጠፋ ሳቁ ሲመጣ ያለችውን ቅጽበት አገኘኋት፣ ለኔ የቀኑ ምርጥ ፎቶ እሷ ናት። እሳቸው ግን በኋላ ያን ቀጥ ብለው የተቀመጡበትን ነው የመረጡት፣ ልጆቹ ደግሞ ሳቁን። ሁለቱም ታተሙ።

መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ ያው አዲስ አበባ ነው። ስትሮቦቹ በሶኬት የሚሰሩ ስለሆኑ በቃ ቆመ። ጄኔሬተር አለ ወይ ብላችሁ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ፣ የጠፋው ሰዓት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውንም ጭምር፣ በአፍ ሳይሆን በቴክስት ይሁን። መብራት ሲሄድ ስትሮቡን አጥፉና ከሶኬት ንቀሉ፣ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልቴጅ ሊያቃጥለው ይችላል፣ ንብረቱ ደግሞ የሰው ነው። እስኪመለስ እኛ መጋረጃውን ከፍተን መስኮት ላይ የማዘርን ነጠላ ሰቅለን በሱ ስር አነሳናቸው፣ አይኤስኦ 800 ኤፍ 2.8 አካባቢ፣ ነጠላ ሲሰቀል ግሩም ሶፍትቦክስ ነው። እነዛም አሪፍ ናቸው፣ ግን ቀለማቸው ከስትሮቡ ጋር ስለማይሄድ አንድ አልበም ላይ ለየብቻ ነው ያስቀመጥኳቸው።

ፎቶውን ራው (RAW) በሚባለው፣ ዝርዝሩን ሁሉ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት አንሱ፣ ጄፔግ ነጭ ቀሚስ ላይ ይቅርታ አያውቅም። ኤዲት ላይ ፊት ለማለስለስ አትቸኩሉ። ማዘር ግንባራቸው ላይ ያለችውን ንቅሳት ሪታች ሳረግ ጠባሳ መስሎኝ እንዳላጠፋት ጓደኛዬን ደውዬ ጠየኩት፣ ጊዜያዊ ነገር ብቻ አጥፉ፣ የዛን ሰሞን ብጉር፣ የነጠላ ክር። ህትመት ላይ ደግሞ ስክሪናችሁ ከወረቀት በላይ ነው የሚያበራው፣ ላፕቶፕ ላይ ልክ የመሰለ ጠይም ፊት ወረቀት ላይ ጨልሞ ይመጣል። ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊት አንድ 13 በ18 ሴንቲ አሳትሙና ቤት ወስዳችሁ ቀን በመስኮት ብርሃን እዩት፣ ከጨለመ መሀለኛውን ቶን ብቻ ትንሽ ከፍ አርጉ፣ ነጩን አትንኩት። ወረቀቱን ማት አርጉት፣ አብረቅራቂው ላይ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ የሚታየው የመስኮቱ ነጸብራቅ ነው።